ያረጀች የእንጨት ጀልባን በገዛ እጅ ማደስ

በስቶክሆልም ዙሪያ ባሉት የጀልባ ክለቦች ግቢ በግንቦት ወር ቢዘዋወሩ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ውኃ ወርዶ አንድ ጥግ ላይ መሸፈኛዋ ተቀዶ፣ ቀለሟ ተላጦ የቀረች የእንጨት ጀልባ አያጡም። ብዙ ጊዜ ፎልክቦት የምትባለዋ ዓይነት ናት። ባለቤቷ አርጅቷል ወይም አርፏል፤ ልጆቹ የፕላስቲክ ጀልባ ይዘዋል፤ ክለቡ ደግሞ ቦታውን ይፈልገዋል። እንዲህ ያለችውን ጀልባ በጥቂት ሺህ ክሮነር፣ አንዳንዴም በነጻ መውሰድ ይቻላል። ይህ መመሪያ ጀልባ ሠሪ ላልሆነ፣ ነገር ግን መጋዝና መዶሻ መያዝ ለሚችልና ጊዜውን ለመስጠት ለቆረጠ ሰው የተጻፈ ነው።

ፎልክቦትን የመረጥኩት ለጀማሪ የሚመች ነገር ስላላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ የስካንዲኔቪያ የጀልባ ስፖርት ማኅበራት ሠራተኛው ሊገዛት ለሚችል ጀልባ የንድፍ ውድድር አወጡ። ሙሉ በሙሉ የሚያረካ ንድፍ ስላልተገኘ ከቀረቡት መልካም መልካሙ ተለቅሞ በቶርድ ሱንዴን እጅ አንድ ንድፍ ሆነ፤ የመጀመሪያዋም ጀልባ በ1942 ዮተቦርይ ላይ ውኃ ነካች። ርዝመቷ 7.68 ሜትር፣ ወርዷ 2.20 ሜትር ነው። ክብደቷ ሁለት ቶን አይሞላም፤ ከዚያም ግማሹን ያህል የሚይዘው ከሥሯ በቡሎን የታሰረው የብረት ኪል ነው። የጎኗ ጣውላዎች ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው በመዳብ ሪቬት የተያያዙ ናቸው፤ ከውስጥ ደግሞ በእንፋሎት የታጠፉ የኦክ የጎድን አጥንቶች ይደግፏቸዋል። እያንዳንዱ ክፍል ዐይን የሚያየው፣ እጅ የሚደርስበት ነው። ብላንዲ ሃስለር በ1960 የመጀመሪያውን የአትላንቲክ የብቻ ውድድር በ48 ቀን የጨረሰባት «ጄስተር» የተሠራችው በዚችው ጀልባ ንድፍ መነሻነት ነበር። ስለዚህ ትንሽነቷ አያታልልዎ።

ወደ ሥራው ሳንገባ ቅደም ተከተሉን እንያዝ። መጀመሪያ ዝናብ የሚገባበትን መዝጋት፣ ቀጥሎ ቅርጿን መጠበቅ፣ ቀጥሎ አጥንቷንና ማያያዣዎቿን ማጠንከር፣ ቀለምና ቫርኒሽ በመጨረሻ። በየግቢው ተጀምረው የቀሩትን ጀልባዎች ቢያዩ አብዛኞቹ ሥራቸው የተጀመረው ከብሩሽ ነው። የሚያምረው ነገር ቀድሞ ይሠራል፣ ባለቤቱ ገንዘቡንም ጉልበቱንም እዚያ ይጨርሳል፣ ብስባሹ ደግሞ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል።

ከመረከብዎ በፊት

ወስፌ፣ ትንሽ የእንጨት መዶሻ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪና የቆሸሸ ልብስ ይዘው ይሂዱ። ቢያንስ ግማሽ ቀን ይስጡት። ሻጩ ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ።

የእንጨት ጀልባን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ አየርም እርጥበትም ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያድግም፤ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ከሰጠመም አየር ስለሚያጣ ያዳግተዋል። ጨውም አይስማማውም። ስለዚህ አደጋው ያለው ከላይ በሚወርደው የዝናብ ውኃ ነው፤ ማዕዘን ውስጥ ገብቶ፣ ሳይደርቅ፣ ንጹሕ አየር ሳያገኝ የሚቀመጠው። የስቶክሆልም ሰው አንድ ሌላ ዕድል አለው፦ በከተማዋ ዙሪያ ያለው የባሕር ውኃ ጨው ስለሚያንሰው እንጨት ቦርቧሪው የባሕር ትል አይኖርበትም። በ1628 የሰጠመችው መርከብ «ቫሳ» ከ333 ዓመት በኋላ ሙሉ አካሏን ይዛ የወጣችው በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው። ጀልባዋ የመጣችው ከምዕራቡ የስዊድን ዳርቻ ከሆነ ግን ትሉ እዚያ አለና የሥር ግንዷን ለትንንሽ ቀዳዳዎች በደንብ ይመርምሩ።

መዶሻዎን ይዘው ከፊት ወደ ኋላ በየጣውላው ላይ በቀስታ እየመቱ ይሂዱ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ወስፌውን ይጫኑ። ጤነኛው ይመልስልዎታል፣ ሲነቅሉትም ጨምድዶ ይይዛል፤ የበሰበሰው ግን ያለ ምንም ተቃውሞ ያስገባዎታል። በተለይ የማይዘለሉ ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ የጣውላዎቹ ጫፎች ከፊት ግንድና ከኋላ ግድግዳ ጋር የሚገናኙበት፣ የኋላው ግድግዳ የላይኛው ጠርዝ፣ የላይኛው ወለል ከጎን ጋር የሚጋጠምበት ዙሪያ፣ ምሰሶው የሚቆምበት አካባቢ፣ የጓዳዋ መስኮቶች ሥር፣ እና የሆዷ ዝቅተኛ ክፍል፣ የዝናብ ውኃ ዓመት ከዓመት ተኝቶ የሚያርፍበት።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይግቡና የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ይዳስሱ። ሆዷ በጣም በሚታጠፍበት መስመር ላይ ነው የሚሰነጠቁት። ስንጥቁ በፀጉር ስፋት የሆነ፣ በቀለም የተሸፈነ ሊሆን ይችላል፤ ጣትዎ ከዐይንዎ ቀድሞ ያገኘዋል። ሁለት ሦስት የተሰበሩ አጥንቶች የሚያስደነግጡ አይደሉም። በአንድ ወገን ከአሥር በላይ ካገኙ ሥራው ከአንድ በረዷማ ወቅት በላይ እንደሚወስድ ይወቁ፤ የፊት ግንዷ ወይም የሥር ግንዷ ራሱ ወስፌ የሚያስገባ ከሆነ ግን፣ በነጻ ብትሰጥዎም ለመጀመሪያ ጀልባነት አልመክርዎትም። ሌላ ይፈልጉ፤ አይጠፋም።

ማሳረፍና መጠለያ

ክብደቷ ሁሉ ኪሏ ላይ ማረፍ አለበት። ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ወፍራም አግዳሚ ያንጥፉ። የጎን ድጋፎቹ እንዳትወድቅ ሚዛኗን ይጠብቁላታል እንጂ አይሸከሟትም፤ አንዱን ድጋፍ አጥብቀው ከገፉት ጎኗን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፣ በዚያው ቅርጽ ከደረቀ ደግሞ ቀጥ ማለት ያቅተዋል። ከፊት አፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ሲባጎ ወጥረው ከሲባጎው እስከ ላይኛው ወለል ያለውን ርቀት በብዙ ቦታ ለክተው ይጻፉ። ሥራው በሚቆይበት ዘመን ሁሉ እየደጋገሙ ይለኩት፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ማሳረፊያውን ያስተካክሉ።

መጠለያው በቀላል እንጨት ማገር ላይ የተዘረጋ የዝናብ ሸራ ቢሆን ይበቃል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ክፍት ይሁኑ፣ ንፋስ ከፊት ገብቶ በኋላ ይውጣ። ማሞቂያ አያስገቡ። ከመጠን በላይ የደረቀች ጀልባ ጣውላዎቿ ተሸማቅቀው ይሰነጠቃሉ። ከሥሯ ያለው መሬት እርጥብ ቢሆን እንኳ ለእርሷ መልካም ነው።

ስለ ክለቦቹ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሰው እዚያ ብዙም አይታይም፤ መታየት ነበረበት እላለሁ። አባልነቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ክፍያውም ከገበያ ቦታ ኪራይ ያንሳል፤ በብዙዎቹ አባላት በየተራ ሌሊት ግቢ ይጠብቃሉ፣ በጀልባ ማውጫና ማውረጃ ቀን አብረው ይሠራሉ። በዚያ የሌሊት ጥበቃ አጠገብዎ የሚቀመጡት አዛውንት በወጣትነታቸው ስንት ጀልባ ሪቬት እንደመቱ ይጠይቋቸው። መጽሐፍ ውስጥ የማይገኘው እዚያ ይገኛል።

አሮጌውን ቀለም ማንሣት

ከመንካትዎ በፊት ሁሉንም ነገር ፎቶ ያንሡ፤ የሚፈቱትን ዕቃ ሁሉ ቁጥር እየሰጡ በየካርቶኑ ያስቀምጡ።

የድሮ ቀለም መርዝ ነው። ከላይ ያለው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ከውኃ በታች ያለው ደግሞ ቲቢቲ የተባለውን፣ በ1989 ለትናንሽ ጀልባዎች የተከለከለውን የቆርቆሮ ውሕድ ሊይዝ ይችላል። ይህ ውሕድ የኦይስተር ቅርፊት እስኪያጣምም ድረስ የባሕር ፍጡራንን የሚጎዳ፣ በሽርፍራፊው ውስጥም ለአሥርተ ዓመታት የሚቆይ ነው። ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ በእሳት መለብለብም አይሆንም፤ አቧራውና ጭሱ ወደ ሳንባዎ ይገባል። ከሥር ወፍራም ላስቲክ አንጥፈው፣ ትክክለኛ የመርዝ መከላከያ ጭንብል አድርገው፣ በስለታም የእጅ መፋቂያ ይፋቁ። ከውኃ በላይ ላለው ክፍል የሙቅ አየር መንፊያ መጠቀም ይቻላል፣ ቀለሙ እስኪለሰልስ ብቻ፣ እስኪጨስ ግን አይደለም። ፍቅፋቂውን በሙሉ ሰብስበው ለከተማው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ያስረክቡ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሆኖም የጀልባዋን ገመና የሚገልጥልዎ እርሱ ነው፣ ራቁቷን ስትሆን ያልታየው ሁሉ ይታያል።

አጥንትና ሪቬት

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሕግ፦ የጎድን አጥንቶችን በአንድ ጊዜ ብዙ አያውጡ። አንዱን አውጥተው፣ አዲሱን አስገብተው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ያውም ጎን ለጎን ያሉትን በተከታታይ ሳይሆን አንዱን እየዘለሉ። ቅርጿን የያዙላት እነርሱ ናቸውና።

ለአዲሱ አጥንት የሚሆነው ኦክ በምድጃ የደረቀው አይደለም። እርሱ ለወለል ንጣፍ ይሁን። በአየር የደረቀ ወይም ከተቆረጠ ብዙ ያልቆየ፣ ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው እንጨት ይምረጡ። ከጣውላ ሠሪው ዘንድ ሄደው አንድ በአንድ አገላብጠው ይግዙ። ጭረቱ ወደ ጎን የሚሾልክ ከሆነ ሲታጠፍ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ጠርዞቹን በመላጊያ ክብ ያድርጓቸው፣ ስለታም ጠርዝ የስንጥቅ መነሻ ነውና። ለየአራቱ አንድ መለዋወጫ ይቁረጡ።

የእንፋሎት ሣጥኑን ከተራ ጣውላ ይገጥሙታል፦ ረጅም፣ ጠባብ፣ አንዱ ጫፉ በጨርቅ የሚደፈን። ለእንፋሎቱ የግድግዳ ወረቀት ማላቀቂያ የምትባለው አነስተኛ ማሽን ትበቃለች። ሣጥኑን በትንሹ ያዘንብሉት፣ የሚንጠባጠበው ውኃ እንዲወጣ። የቆየው ልምድ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ይላል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሣጥኑ በሙሉ ከጋለና እንፋሎቱ በጨርቁ በኩል ከወጣ በኋላ ነው። ከመጠን በላይ ማቆየትም እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ይሰብረዋል።

ለዚህ ቀን ደቦ ይጥሩ። ብቻዎን አያደርጉትም። አንድ ሰው ሣጥኑ ጋ፣ አንድ ሰው ጀልባው ውስጥ፣ እርስዎ መካከል። ሞርሴቶዎቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸው ተከፍተው ይጠብቁ፤ ወፍራም ጓንት ያድርጉ። እንጨቱ ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ እንደልብ የሚታጠፈው ከግማሽ ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። የታችኛውን ጫፍ ከሥር ግንዱ አጠገብ አስይዘው፣ በእግርዎ እየረገጡ፣ ከታች ወደ ላይ እያስተኙት ይሂዱ፤ መጀመሪያ ከሚያስፈልገው ትንሽ አብልጠው ቢያጥፉት ሲመለስ በልኩ ይሆናል። በሞርሴቶ አስረው ቢያንስ እስከ ማግስቱ ይተውት።

ሁሉንም አጥንት መተካት የግድ አይደለም። አንድ ቦታ ብቻ ከተሰነጠቀ ጎኑ ላይ አጋዥ አጥንት መጨመር ይቻላል። የአጋዦቹ ጫፎች ግን ሁሉም አንድ ጣውላ ላይ አይቁሙ፤ ያ ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ በዚያ መስመር ተከማችቶ አዲስ ስብራት ያመጣል። አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ያድርጉ።

ሪቬቱ እንዲህ ይመታል። ጣውላዎቹንና አጥንቱን ከምስማሩ ጥቂት በጠበበ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሱ። ባለ አራት ማዕዘኑን የመዳብ ምስማር ከውጭ ወደ ውስጥ ይምቱት። ውጭ ያለው ሰው ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ውስጥ ያሉት እርስዎ ጎበጥ ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ ምስማሩ ላይ አጥልቀው፣ መሐሉ ክፍት በሆነ መምቻ እንጨቱን እስክትነካ ይገፏታል። ትርፉን ምስማር በፒንሳ ይቁረጡ፤ ከሮንዴላዋ በላይ የሚቀረው የራሱን ውፍረት ያህል ይሁን። ከዚያ በቀላል፣ ጫፏ ክብ በሆነች መዶሻ፣ በብዙ ትንንሽ ምት ጠርዝ ጠርዙን እየመቱ ጭንቅላት ያውጡለት። በከባድ መዶሻ በኃይል መምታት ምስማሩን እንጨቱ ውስጥ ያጣምመዋል፤ ውጭው ሲታይ ያማረ፣ ውስጡ የላላ ይሆናል። ከጥቂት ደርዘን በኋላ ትክክለኛውን ምት በድምፁ ያውቁታል። መዳቡን በብረት ምስማር ወይም በማይዝግ ቪቴ ለመተካት የሚገፋፋው ፈተና ብዙ ነው፤ ርካሽና ቀላል ነውና። ግን የኦክ አሲድ ብረትን ይበላል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ውስጥ ሲገናኙም ደካማው ይጠፋል። መዳብን በመዳብ ይተኩ።

የበሰበሰ ጣውላ ካለ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ቆርጠው በተመሳሳይ እንጨት ይቀጥሉት። መገጣጠሚያው ሰያፍ ሆኖ ርዝመቱ የጣውላውን ውፍረት ቢያንስ ስምንት እጥፍ ይሁን፤ 16 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጣውላ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ውጭ የሚታየው ቀጭን ጠርዝ ወደ ኋላ ይመልከት፣ ውኃ እንዳይገልበው። በኢፖክሲ ኮላ ያያይዙት፤ ኮላው ግን በብርድ አይጠነክርምና የሙቀቱን መጠን ከቆርቆሮው ላይ ያንብቡ።

እዚህ ላይ ከጎረቤት የሚመጣ ምክር አለ፦ «ለምን በፋይበርግላስ አትለብጣትም?» አይቀበሉት። የተደራረበ ጣውላ በውኃ ያብጣል፣ በደረቅ ይሸማቀቃል፤ ይንቀሳቀሳል። ልባጩ አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ውኃ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ብስባሹ ከዐይን ተሰውሮ ይሠራል። በጣውላዎቹ መደራረቢያ ላይ ስቱኮ ወይም ኢፖክሲ መጠቅጠቅም ያው ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ሪቬቶቹን ይስባቸዋል። እነዚህ መደራረቢያዎች የሚዘጉት በእንጨቱ እብጠት ብቻ ነው።

የኪሉ ቡሎኖች

ኪሉን የያዙት ቡሎኖች ከተበጠሱ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ከላይ የሚታየው ጭንቅላት ምንም አይነግርዎትም፤ የሚበላው መካከሉ ነው፣ እንጨቱና ብረቱ በሚገናኙበት ቦታ። ስለዚህ አንዱን፣ ቢቻል ሁለቱን አውጥተው ይመልከቱ። ወገባቸው ቀጥኖ ካገኙት ሁሉንም ይለውጡ፤ አንዱ ከደረሰበት ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም። ለብረት ኪል በዚንክ የተነከረ ብረት ይስማማዋል። የማይዝግ የሚባለው ብረት አየር በሌለበት እርጥብ እንጨት ውስጥ ከላይ ሳያስታውቅ ይቦረቦራልና አያስተማምንም።

የላይኛው ወለል፣ ዘይትና ቀለም

ብዙዎቹ አሮጌ ፎልክቦቶች የላይኛው ወለላቸው በሸራ የተለበጠ የጥድ ጣውላ ነው። ሸራው አንድ ቦታ ተቀዶ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ለማየት ይግለጡት። ጣውላው ጤነኛ ከሆነ አዲስ ሸራ ይበቃዋል፤ ካልሆነ ለባሕር ሥራ በተዘጋጀ ኮምፔንሳቶ ይተኩት፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በኢፖክሲ አጥግበው። ከሥራዎቹ ሁሉ ይህንን አያሳንሱት፤ ዝናቡ የሚገባው በዚህ ነው።

የውስጡን እንጨት በቫርኒሽ አይድፈኑት። የተልባ ዘይት፣ የጥድ ቅጥራንና ተርፐንታይን እኩል እኩል ቀላቅለው፣ ለብ አድርገው፣ እንጨቱ መጠጣት እስኪያቆም ይቀቡት። ማሞቁ ግን በቀጥታ በእሳት ላይ አይሁን፣ ድብልቁ ይነድዳልና፤ ቆርቆሮውን የሞቀ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ይህ ድብልቅ እንጨቱን ያስተነፍሰዋል፤ ሽታውም ለዓመታት የማይለቅ ነው። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨፍልቆ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ሙቀት አመንጭቶ ይቀጣጠላል። ክለብ ግቢ ውስጥ ስንት ጀልባ ተጠጋግቶ እንደቆመ ያስቡ። ጨርቁን ወዲያው ውኃ በያዘ፣ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱ።

ለምሰሶው ቫርኒሽ ይሻለዋል። የመጀመሪያውን ቅብ በግማሽ ያቅጥኑት፣ ቀጣዮቹን እያወፈሩ ቢያንስ ስድስት ይድረሱ፤ በየመካከሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይፈግፍጉ። የምሰሶውን ሽቦዎች ዕድሜ ካላወቁ በአዲስ ይለውጡ። ከውኃ በታች ለሚቀባው ቀለም የሚንሳፈፉበትን ውኃ ሕግ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ሜላረን ሐይቅ ላይ መርዝ ያለበት ቀለም አይፈቀድም።

ወደ ውኃ

ከመውረዷ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ እርጥበት ያስለምዷት፦ እርጥብ ጆንያ ውስጧ ያንጥፉ፣ ጎኗን በየማታው በውኃ ይርጩ። ውስጧን በውኃ መሙላት ግን አይገባም፤ ክብደቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋታል። በወረደች ጊዜ ታፈስሳለች፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ፓምፕ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱ በባትሪ የሚሠራ፣ አንዱ በእጅ። ክሬኑ ቢፈቅድልዎ የመጀመሪያውን ሌሊት በማንጠልጠያው ላይ ትደር፤ ካልሆነም ጥልቀት በሌለው ቦታ አጠገቧ ያድሩ። አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በሦስት አራት ቀን ይዘጋል። በዚህ መካከል ደንግጠው ስቱኮ አያንሡ። ከሳምንት በኋላም የማይቆም ቦታ ካለ የት እንደሆነ በኖራ ምልክት ያድርጉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሪቬት ነው።

እንጨቱ ካበጠ በኋላ የኪሉን ቡሎኖች እንደገና ይፈትሹ፤ የምሰሶውን ሽቦዎችም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ ይወጥሩ። በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ከውኃ ስትወጣ፣ ገና እርጥብ ሳለች፣ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያነጥበውን መደራረቢያ ሁሉ በኖራ ያክቡ። ከደረቀች በኋላ ያንን ማግኘት አይቻልም፤ የሚመጣው በረዷማ ወቅት የሥራ ዝርዝርዎም ያው የኖራው ምልክት ነው።